የተገለበጠው ሰሌዳ

የወንድሜን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «ፌንጣ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ከመቀመጫዋ አይታያትም። ስለዚህ ብድግ ትልና ሮጣ ሰሌዳው ሥር ትቆማለች፣ አንድ መስመር በቃሏ ትይዛለች፣ ዘላ ተመልሳ ትቀመጥና ትጽፋለች፣ ከዚያ ደግሞ ብድግ። ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ የተማረችው እንዲህ ነው። አስተማሪዎቿ ለምደዋታል፣ ልጆቹም እግራቸውን ሰብስበው ያሳልፏታል።

የዓይን ሐኪሙ ነገሩን ገና በሕፃንነቷ አስረድቶናል። ዓይናችን ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ምስል የሚያርፍበት ስስ ሽፋን አለ፤ የሷ ጉድለት እዚያ ላይ ነው። መነጽር ምስሉን አጥርቶ ሽፋኑ ላይ ያሳርፋል እንጂ ሽፋኑን አይጠግንም። ጠጋ ስትል ታነባለች፣ ራቅ ያለው ግን ጭጋግ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። መተዳደሪያው መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ መሞረድ ነው፤ የስንቱን ሰው ዓይን ሲያቃና ውሎ የገዛ ልጁ ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ ሆነ።

እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሦስታችን አብረን እንኖራለን። ቀን ላውንደሪ ውስጥ ባንኮኒ ላይ ቆሜ የሰው ልብስ እቀበላለሁ፣ አስረክባለሁ፤ ማታ እነሱን አበላለሁ፣ እቆጣለሁ። እኔም ብሆን ዓይን አለኝ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር አይደለሁም፤ መነጽሬ የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ ሰው ፊት መነጽሬን ከማወልቅ ቀሚሴን ባወልቅ ይሻለኛል። ግን መነጽር ካደረግኩ አያለሁ። ልጅቷ ይህ ዕድል እንኳ የላትም።

በዚህ ዓመት አዲስ ርዕሰ መምህር መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ለኔም ይቀለኝ ነበር፤ የልቤን ተናግሬ እገላገል ነበር። ነገሩ የመጣው ፌንጣ አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው ስትሮጥ የልጅ ቦርሳ ጠልፏት የመምህሯ ጠረጴዛ ጥግ ቅንድቧን የፈለጣት ጊዜ ነው። ቅንድቧ ተሰፋ፤ እኛም ተጠራን።

«እናንተን ለማስከፋት አይደለም» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ወንበር ስበው ካስቀመጡን በኋላ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ግን ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መተላለፊያ የለም። ዛሬ ቅንድቧ ነው፣ ነገ ዓይኗ ቢሆንስ? ሌላ ከተማ ውስጥ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ ጥሩ ነው፣ እኔ ራሴ እጽፍላታለሁ።»

የሰማሁት «አዳሪ» የሚለውን ብቻ ነው። ያቺን ልጅ ጡት አላጠባኋትም እንጂ ያላደረግኩላት የለም። ወንድሜ ጫማውን ያያል። እኔ ነኝ የተናገርኩት፦ «ከመቀመጫዋ ሆና ብታነብስ?»

«ከመቀመጫዋ ሆና ማንበብ ከቻለችማ ምን ብዬ እልካታለሁ» አሉ። «በሚቀጥለው ሳምንት፣ አርብ ዕለት እናያለን። እናንተም ኑ።»

ቤት ስንደርስ ለልጅቷ ነገርናት። ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቅንድቧ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ በጣቷ እየነካካች፣ ውኃ ስጡኝ እንደሚል ሰው በቀዝቃዛ ድምፅ «አልሄድም» አለች።

«ልጄ፣ እኛ መች ፈለግን» አላት አባቷ።

«ጨርሶ የማላይ ብሆን እሄድ ነበር፣ አባዬ፣ ደስ ብሎኝ። ግን አነባለሁ። ችግሩ ሰሌዳው ሩቅ መሆኑ ብቻ ነው። እኔ ወደ እሱ እንዳልሄድ ከተከለከልኩ እሱ ወደ እኔ ይምጣ።»

«ሰሌዳ እንዴት ይመጣል?»

«በአቅራቢ መነጽር። ፊዚክስ ላይ ስለ ብርሃን እየተማርን ነው። ሁለት ሌንስ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ሩቁን ያቀርባል ይላል መጽሐፉ። አንተ ደግሞ ሌንስ ሞልቶሃል።»

ወንድሜ ቀና አለ። ሐኪሙ ዘንድ ከተደፋ ጀምሮ አንገቱ እንደዚያ ሲቃና አላየሁም።

ሥራውን በዚያው ቀን ጀመረ። ቱቦውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ የምንሸፍንበት ላስቲክ የሚጠቀለልበት ጠንካራ ካርቶን ነው። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ እየገባ እንዲንሸራተት አድርጎ ቆረጠው። ጨረር ከቱቦው ግድግዳ እየነጠረ ምስሉን እንዳያደበዝዝ ብሎ ውስጡን በጥቁር የጫማ ቀለም ቀባው። ከፊት መሐሉ ትንሽ ያበጠ ሰፊ ሌንስ፣ ከዓይን በኩል ደግሞ መሐሉ በጣም ያበጠ ትንሽ ሌንስ ገባበት። መነጽር ቤት ውስጥ ሞክሮት ሲመጣ ደረቱ ተነፍቶ በበሩ አልገባ ብሎ ነበር።

«እትዬ፣ ከዓይን መመርመሪያው ሰንጠረዥ የመጨረሻዋን መስመር ጥርት አድርጎ አሳየኝ» አለኝ። «የመጨረሻዋን። ትንሿን።»

ቱቦውን ይዛ ክፍል ስትገባ የሆነውን ከልጅቷና አብራት ከምትቀመጠው ጓደኛዋ ነው የሰማሁት። የፊዚክስ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ዞር ሲሉ ፌንጣ ቱቦውን አነሣች። ክፍሉ ሁሉ ያያታል። አየች። ቱቦውን በእጇ አሽከረከረችው። ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን አጣማ፣ ወገቧን አጥፋ፣ ጭንቅላቷን ወደ ወንበሩ እግር ዘቅዝቃ ማንበብ ጀመረች። ሰሌዳው በቱቦው ውስጥ ተገልብጦ ነበር፤ ጽሑፉ እግሩን ሰቅሎ ነው የሚታየው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዋ ስትነግረኝ እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ነበር። በዚያ ላይ የጫማው ቀለም ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት አትሞባት መጣች።

ወንድሜ አላምን አለ። «እንዴት ይሆናል? ሰንጠረዡ ላይ ሞክሬዋለሁ እኮ። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ታይተውኛል።»

መነጽር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰንጠረዥ ታውቁታላችሁ። ፊደል ለማያነብ ሰው የተዘጋጀው፣ አንድ በኩል ክፍት የሆኑ ቀለበቶች የተደረደሩበት ነው፤ ክፍተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠየቃል።

«አባዬ» አለች ልጅቷ በትዕግሥት፣ «ክፍተቶቹ ወዴት ነበሩ?»

«አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ግራ…» ብሎ ቀጥ አለ።

ጭንቅላትና እግር የሌለው ነገር ላይ ነው የሞከረው። ቀለበት ቢገለበጥ ያው ቀለበት ነው፤ ቱቦው ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ከአንድ መስመር በላይ አያሳይም፣ ትልቁ መስመር ከላይ ይሁን ከታች አያስታውቅም። ከመነጽር ሠሪ በቀር ይህን ስሕተት የሚሳሳት ፍጡር በዓለም ላይ የለም፤ ሌላው ሰው ቢሆን በመስኮት አውጥቶ ዛፍ ያይበት ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ወንድሜ ሄዶ ነበር፤ ጓዳ ገብቶ ዕቃ ሲያጥብ አገኘሁት፣ የታጠበውን ዕቃ ነበር የሚያጥበው። ያን ጊዜ ሳቄ ቆጨኝ።

በማግስቱ የተገለበጠውን መልሶ የሚገለብጥ ሦስተኛ ሌንስ ጨመረበት። ምስሉ ቀና አለ፣ ግን ቱቦው የክንድ ያህል ረዘመ፣ ውስጡም ጨለመ። ልጅቷ በሁለት እጇ ስትይዘው እንኳ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፤ በየትኛው እጇ ልትጽፍ ነው? አርብ ደግሞ እየቀረበ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሳትሰማኝ ቁምሳጥን ላይ የተቀመጠውን ሻንጣ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩ፣ ቁልፍ የጎደለው ሹራቧን መስፋት ጀመርኩ። እሷ ገብታ ሻንጣውን አየችው። ወንበር አምጥታ፣ ወጥታ፣ መልሳ ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ከወንበሩ ወርዳም «እቴቴ፣ ሹራቡን ግን ጨርሽልኝ፤ ክፍላችን ይበርዳል» አለችኝ።

ከዚያ ወረቀትና ማስመሪያ ይዛ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወረሰችው። አፍንጫዋ ወረቀቱን እየጠረገ መስመር ታሰምራለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ታሰምራለች። «ምንድን ነው የምታሰምሪው?» አልኳት፣ ሽንኩርት የምከትፍበት ስላጣሁ።

«ጨረር ነው። ብርሃን በቀጥታ ነው የሚሄደው አይደል? ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲገባ ወይም ሲወጣ ግን ይታጠፋል። እንደ ውኃ ማለት ነው።»

ይህን እንኳ ለኔ ማስተማር አያስፈልግም። ላውንደሪው ገንዳ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ ለማንሣት እጄን ስሰድ ሁልጊዜ ቁልፉ ካየሁበት ጠልቆ ነው የማገኘው፤ እጅጌዬ ሳይርስ የወጣበት ቀን የለም። ነገርኳት።

«እሱ ነው» አለች፣ ደስ ብሏት። «ከቁልፉ የሚመጣው ጨረር ከውኃው ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓይንሽ ይታለላል። ሌንስም ያጥፋል፣ ግን በሥርዓት። መሐሉ ያበጠው ሌንስ ጨረሮቹን ወደ መሐል እያጠፈ አንድ ቦታ ያገናኛቸዋል። እነሱ ግን እዚያ አይቆሙም፣ ተላልፈው ይሄዳሉ። ከላይ የመጣው ወደ ታች፣ ከታች የመጣው ወደ ላይ። አባዬ ሁለተኛውን ሌንስ ያስገባው ከተላለፉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ተገልብጦ ታየ።»

ወንድሜ እጁን እያደረቀ መጥቶ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ያያል። እሷ እርሳሷን ጨረሮቹ ከሚገናኙበት ነጥብ በፊት ባለው ቦታ ላይ አቁማ ለራሷ ማውራት ጀመረች። «ሳይተላለፉ ብንይዛቸውስ? እዚህ ጋ። ወደ መሐል እየተሰበሰቡ ሳለ፣ መልሶ የሚከፍታቸው ሌንስ ቢገባ። ሳይገለበጡ ዓይኔ ይገባሉ፣ ቱቦውም ያጥራል። ግን የሚከፍት ሌንስ መሆን አለበት። መሐሉ የሳሳ፣ ጠርዙ የወፈረ። በጣም የወፈረ።»

«እንደዚያ ያለ ብርቱ ሌንስ እኛ ዘንድ አይቀመጥም» አለ ወንድሜ። «ካዘዝን ይመጣል፣ ግን ከአርብ በኋላ ነው።»

ከዚያ ልጅቷ ቀና አለችና ወደ እኔ ዞረች። ወንድሜም ዞረ። ሁለቱም ፊቴን እንደ ሱቅ መስኮት ማየት ሲጀምሩ ነው የገባኝ። ሁለት እጄን ወደ ጠርዘ ወፍራሙ መነጽሬ ሰደድኩ።

ይህ መነጽር ለምን እንደሚያስፈልገኝ የሚያውቀው አጥር ከሚያህል ነገር ጋር ተጋጭቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ባንኮኒ ላይ የቆምኩት በእሱ ነው፣ መንገድ የምሻገረው በእሱ ነው። «አይሆንም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ግን አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ምናልባት እምቢ እል ነበር። ማስመሪያዋን አስቀምጣ «ከፈለግሽ ብቻ ነው፣ እቴቴ» ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች፤ ሌላ መንገድ ፍለጋ መስመር ማስመር ቀጠለች። ማንም ባይረዳት ብቻዋን እስከ አርብ ስታሰምር እንደምትከርም ከአያያዟ ያስታውቃል።

«የግራውን አውጣው» አልኩት ወንድሜን። «ቀኙን የነካህ ቀን ግን እንጣላለን።»

«በአንድ ዓይን ትሠሪያለሽ፣ እትዬ?»

«ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም፤ አንደኛው ይረፍ።»

ሌንሱን ይዞ ሄዶ ሞርዶ አሳነሰውና ቱቦው ውስጥ ገጠመው። አዲሱ ቱቦ በመዳፍ የሚያዝ ሆነ። ከበሩ ወጥቶ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት በር ላይ የተጻፈውን አነበበበት፤ ፊደሎቹ በእግራቸው ቆመዋል። ለማረጋገጥ ብሎ ጎረቤት፣ ድመት፣ የተሰጣ ልብስ አየበት። ከዚያ በኋላ ገባና ለልጁ ሰጣት።

እኔ ላውንደሪ ውስጥ ያሳለፍኩትን አላወራም። የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሚስት አስረክቤ ቤታቸው ሊፈርስ እንደነበረ ብቻ ይታወቅልኝ።

ቱቦው ቢሠራም ነገሩ አላለቀም። የሚያሳየው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ትንሽ እጇ ሲነቃነቅ መስመሩ ያመልጣታል። ማንሣት፣ መስመሩን ፈልጎ መያዝ፣ ማንበብ፣ ማውረድ፣ መጻፍ፣ እንደገና ማንሣት፣ የት እንደቀረች ማግኘት። እኔ የቤታችን ኮሪደር ጫፍ ላይ ካርቶን ይዤ እቆማለሁ፤ እሷ ሌላው ጫፍ ላይ። ያገኘሁትን ሁሉ ጻፍኩላት፦ የሳሙና ማስታወቂያ፣ የአየር ጠባይ፣ የኔን ስድብ። ዓይኗ ሲያቃጥላት በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠብና ተመልሳ ትቆማለች። አንዴ ቱቦውን መሬት ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ይዛ ስታለቅስ አየኋት። «እንተወው ይሆን» ልላት ተጠጋሁ። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ «ሌላ ጻፊ፤ ደቀቅ አድርጊው» አለችኝ።

አርብ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎቹ ሁሉ አሉ፤ ማንም እንዳይንሾካሾክ ርዕሰ መምህሩ አስጠንቅቀዋል። የፊዚክስ መምህሯ ጥግ ላይ ቆመዋል፤ እኔና ወንድሜ ከፊት በኩል ባለው በር ላይ ነን። ርዕሰ መምህሩ መቀመጫ ራሳቸው መርጠውላታል፦ ከፊት፣ መስኮቱ ጋ፣ ብርሃን ያለበት። ለሷ አስበው ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ፌንጣ ቱቦውን አነሣች።

ምንም አልወጣትም። ቱቦውን አውርዳ ዓይኗን ጠረገች፣ እንደገና አነሣች። አሁንም ምንም። ወንድሜ ሊገባ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ እኔም ራሴን ነው የያዝኩት።

«ልጄ፣ ጥፋትሽ አይደለም» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ጠመኔውን እያስቀመጡ። «ሞክረሻል።»

«መቀመጫ ልቀይር?»

«ከዚህ የሚቀርብ ወንበር የለም እኮ።»

«የሩቁ ይሻለኛል» አለች። «ሰሌዳው አዲስ ስለተቀባ ያብረቀርቃል። የመስኮቱ ብርሃን ይመታዋል፣ በመጣበት ማዕዘን ልክ ደግሞ ይመለሳል። የሚመለሰው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ቱቦዬ የሚያሳየኝ የመስኮቱን ብርሃን ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው ከጭንቅላቷ ጎን አዩ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከዚያ ወደ ፊዚክስ መምህሯ ዞረው «የርስዎ ተማሪ ናት» አሉ። «የኔ ናት» አሉ እሳቸው፣ ኮራ ብለው። ፌንጣ ደብተሯን ሰብስባ፣ ሳትሮጥ፣ ሳትዘል፣ በተማሪዎቹ መሐል አልፋ ከመስኮቱ ማዶ ባለው ግድግዳ ሥር የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቱቦውን አነሣች። ቆየች። የተጻፈውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ርዕሰ መምህሩ አጥፍተው ሌላ ጻፉ፣ ይህን ደግሞ ገልብጪ አሏት። ቱቦው ይነሣል፣ ይወርዳል፣ እርሳሷ ይሮጣል። ደብተሯን አስመጥተው ከሰሌዳው ጋር አመሳከሩት። ደብተሩን መለሱላት። ለሦስተኛ ጊዜ አጠፉና በዝግታ ጻፉ፦ «ከዚህ ትምህርት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ፌንጣ አየችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አላነበበችም። ቱቦውን ዝቅ አድርጋ «አልፈልግም» አለች።

ልጆቹ የተከለከሉትን ረስተው ተንጫጩ፤ አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል። ርዕሰ መምህሩ ዝም አላሰኟቸውም። እጃቸው ላይ የቀረውን ጠመኔ እያራገፉ «እንግዲህ እኛ ዘንድ ትቀሪያለሽ» አሉ። «ከፊት፣ ብርሃን የማይመለስበት ወንበር እንፈልግልሽ።»

«እዚሁ ልቀመጥ? ከፊት ስቀመጥ ሰሌዳ ብቻ ነው የማየው። ከዚህ ሁሉንም አያለሁ።»

እውነትዋን ነው። ቱቦውን አንሥታ የክፍሉን ልጆች ፊት አንድ በአንድ ትቃኝ ጀመር፤ የዞረላትን ሁሉ ረጋ ብላ ታየዋለች፣ የሚያፍረው ያፍራል፣ የሚስቀው ይስቃል። ጓደኛዋ ምላስ ስታወጣባት መልሳ ምላስ አወጣች። እንዲህ እያለች ቱቦዋ እኛ ላይ ደረሰ።

ወንድሜ ልጁ አጠገብ አልቅሶ አያውቅም። ሲከፋውም ሲደሰትም ራቅ ይላል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ፊቱ እንደማይታያት ያውቃል፣ እዚያ ሆኖ እንባውን ሲያፈስ ነው የኖረው። አሁንም በሩ ላይ ተደግፎ፣ ሳይደብቅ፣ ሳይጠርግ፣ እንደ ልማዱ ያለቅሳል።

ፌንጣ ቱቦውን ፊቱ ላይ አቁማ ብዙ ቆየች።

«አባዬ» አለችው ከመጨረሻው ወንበር፣ «ታይተኸኛል እኮ።»

ወንድሜ መሐረብ ፍለጋ ሁለቱንም ኪሱን ዳሰሰ፣ አጣ፤ የኔን ሰጠሁት።